ስሟ ያልተጻፈላት አምስተኛዋ

በእናቴ ሣጥን ግርጌ፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ ከሌሎች ወረቀቶች ሁሉ ተለይቶ የኖረ አንድ ፎቶግራፍ አለ፤ ጠርዙ ቢበላም፣ ቀለሙ ቢገረጣም፣ አምስት ሰዎች ከነልብሳቸው፣ ከነአቋማቸው፣ በፎቶግራፍ አንሺው ፊት ከተሰማቸው ፍርሃት ጋር ዛሬም ይታዩበታል። ወንድ አያቴ ጥቁር ካባቸውን ደርበው በመካከል ተቀምጠዋል፤ በስተቀኛቸው ሁለቱ ወንድሞቻቸው፣ ከፊታቸው ያን ጊዜ ሕፃን የነበሩት የእናቴ ታላቅ እኅት እትዬ፣ በስተግራቸው ደግሞ አንዲት ወጣት ሴት፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ማተቧ ካንገቷ ላይ በግልጥ እየታየ፣ ግራ እጇን በሕፃኗ ትከሻ ላይ አሳርፋ ቆማለች። በጀርባው በቀለም የተጻፈው «ለማስታወሻ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ማን ማንን ያስታውስ ዘንድ እንደ ታሰበ አልተጻፈም። የአራቱን ስም እናውቃለን፤ የአምስተኛዋን የሚያውቅ ግን በቤታችን አልተገኘም።

ቦታውን ማወቅ አላስቸገረም። ከኋላቸው የሚታየው የዳግማዊ ምኒልክ የፈረስ ሐውልት በመሆኑ፣ የቆሙት በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ሐውልቱም ዘመኑን ይመሰክራል፤ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ከቦታው ተነሥቶ፣ ከድል በኋላ የተመለሰ ነውና፣ ከአያቴ ወንድሞችም አንዱ በዚያው ወረራ በዱር ወድቀው የቀሩ ስለሆኑ፣ ሥዕሉ የተነሣው ሐውልቱ ከቆመበት ቀን አንሥቶ ከቦታው እስከ ተነሣበት ድረስ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ መሆኑን ለማወቅ ችያለሁ። በዚህ ግኝት ለጥቂት ቀናት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ሴቲቱን ግን አንድ ስንዝር እንኳ አላቀረበልኝም።

ዘጠና ዓመት ያለፋቸውን እትዬን ጠየቅኋቸው። ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ አስጠግተው ብዙ ከቆዩ በኋላ «የአጎቴ ሚስት ትመስለኛለች፣ ልጄ» ብለው ስሟን ነገሩኝ፤ እኔም በዚያው ምሽት በእርሳስ ከጀርባው ጻፍሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን አስጠሩኝና «ያን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ፤ እርሷ አይደለችም። የአጎቴ ሚስት ወደ ቤታችን የገባችው እኔ ነፍስ ካወቅሁ በኋላ ነው። ይህችኛይቱ ያቀፈችኝ፣ ያዘለችኝ ሰው ትሆናለች፤ በሰው ስም ብጠራት ትቀየመኛለች» አሉኝ። ጽሑፉን በላጲስ አጠፋሁት፤ የእርሳሱ ዱካ ግን ወረቀቱን ወጋ አድርጎት ቀርቷል።

በብራና መጻሕፍታችን ላይ ይህን የመሰለ ነገር አይቻለሁ። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው በጸሎቱ መካከል ስሙን አስገብቶ ምሕረት ይለምናል፤ መጽሐፉ በውርስ ወይም በግዥ ወደ ሌላ እጅ ሲሻገር አዲሱ ባለቤት ያን ስም ፍቆ የራሱን ያስገባል፤ የተፋቀው ስፍራም ሻክሮ ይቀራል። የመጀመሪያው ሰው ለምኖበት ከነበረው ቦታ ወጣ ማለት ነው። እኔም በጎ እያሰብሁ ያደረግሁት ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ ያችን ሴት ከራሷ ፊት አስወጥቼ ሌላይቱን ማስገባቴ ነበርና። ስለዚህም ግምት፣ በፍቅር የተሰነዘረ እንኳ ቢሆን፣ ስም ሆኖ ሊጻፍ አይገባውም ብዬ አምናለሁ።

የመልክእ ደራሲዎቻችን የቅዱሱን አካል ከጠጉር እስከ ጥፍር አንድ በአንድ ሰላም ሲሉ፣ ከጠጉሩ በፊት የሚሳለሙት የስሙን ዝክር ነው፤ መልክ የሚታየው በስም ደጅ ተገብቶ ነው። ፎቶግራፍ ይህን ሥርዓት ገለበጠው፤ ቅንድቡን፣ ዐይኑን፣ ከንፈሩን፣ ጣቶቹን ሳያጓድል አስቀርቶ ደጁን ዘጋብን። የዐፄ ቴዎድሮስ ነገር የዚህ ተቃራኒ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ ሲሞቱ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ፎቶግራፍ አንሺዎች የነበሩ ሲሆን፣ የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ መልክ በፎቶግራፍ ሲቀር፣ የእርሳቸው ግን አልተረፈልንም። ስማቸውን የማያውቅ የለም፤ መልካቸውን ግን እያንዳንዱ ሠዓሊ እንደ ኅሊናው ይሥላል። ከሁለቱ የቱ የበለጠ ጠፋ ብሎ ለሚጠይቀኝ፣ ስንኳን ዛሬ፣ ቀድሞም መልስ አልነበረኝም።

ይሁን እንጂ ሊቃውንት ምሥጢረ ሥላሴን ሲያስተምሩ የሚያመጡት አንድ ነገር አሳረፈኝ። የሦስቱ አካላት ስም ከአካላቸው ጋር የነበረ ነው፣ እንደ ሰው ስም ኋላ የወጣ አይደለም ይላሉ። ሰውማ አስቀድሞ ይወለዳል፤ ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ እስከዚያ ድረስ የክርስትና ስም የላትም፤ እናቷ ግን ታጠባታለች። እንግዲህ ያች ሴት ስሟ ከመውጣቱ በፊት ሰው ነበረች ማለት ነው፤ ከጠፋም በኋላ ያው ናት። ደግሞም እትዬ ነግረውኝ የነበረው ስም እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ የዓለም ስም ብቻ ነበር፤ ካህኑ በፍትሐት የሚጠራት በክርስትና ስሟ ነውና፣ የአያቴንና የወንድሞቻቸውንም ቢሆን የማውቀው እኩሌታውን ነው።

ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ስም የለም ብላ መታሰቢያን አላስቀረችም። ጥር 3 ቀን ሄሮድስ ያስፈጃቸው 144,000 ሕፃናት ይታሰባሉ፤ የአንዳቸው ስም ስንኳ አይጠራም፤ የሚታወቀው ቦታቸው ቤተ ልሔም፣ ዘመናቸው ሄሮድስ የነገሠበት ዘመን መሆኑ ነው። ስለ ሐውልቱ የደከምሁት ድካም ከንቱ አለመሆኑ የገባኝ ይህን ሳስብ ነው፤ ቦታና ዘመን ለካ ስሙ ለጠፋ ሰው የመታሰቢያ ሥፍራ ነበር።

እትዬ ካረፉ በኋላ ፎቶግራፉን እንደገና አወጣሁት። በጀርባው የአራቱን ስም በቀለም ጻፍሁ፤ ለአምስተኛዋ «በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ ከወረራው በፊት፣ ከአያቴ በስተግራ፣ እጇ በእትዬ ትከሻ ላይ ያለ» ብዬ፣ ከዚያ በታች የዓለም ስሟንና የክርስትና ስሟን ሁለቱን የሚችል ባዶ መስመር ተውሁላት።