አንድ ረድፍ ሪቬት

አስመላሽ ዘፈሩ በቮልስዋገን ሞተር የሚሠራ ባለሁለት መቀመጫ አውሮፕላን በገዛ እጁ ገጣጥሞ በ2007 ዓ.ም. ለመብረር ሲሰናዳ፣ ወሬው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ተሻገረ። የጤና ትምህርት የተማረ፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር የቁመት ጉድለት ከአብራሪነት ሥልጠና የተመለሰ ሰው ነው። አውሮፕላኑን ኬ-570ኤ ብሎ ሰየመው፤ ፊደሉ ከእናቱ ስም፣ ቁጥሩ ሥራው ከፈጀው ቀን የተወሰደ ነው። የዚያ ዓመት የሰኔ ሙከራው አልሰመረም። ድፍረቱን ግን ማንም አይነጥቀውም።

ስለ ቤት ሠራሽ አውሮፕላን ሲወራ ሁልጊዜ የሚቀድመው ሞተሩ ነው። ስንት ሲሊንደር ነው? ከየት ተገኘ? ስለ ጅራቱ የሚጠይቅ የለም። ከብረት የሚሠሩ ትንንሽ አውሮፕላኖችን የሚገጣጥሙ ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከጅራት ነው። ክፍሉ ትንሽ ስለሆነ ቢበላሽ የሚጣለው ላሜራ ጥቂት ነው፤ በሌላው አካል ላይ የሚመጣው ሥራም ሁሉ፣ መቁረጡ፣ መብሳቱ፣ ማለስለሱ፣ ቀለሙ፣ ሪቬቱ፣ እዚያው ይለመዳል። በመካነ ሰላም ብየዳ ቤትም ሆነ በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይህን የሚያልም ወጣት ካለ፣ ከመጀመሩ በፊት የአንድ ትልቅ አውሮፕላን ታሪክ ይስማ።

በ1970 ዓ.ም. የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ኦሳካ ላይ ሲያርፍ ጅራቱ መሬት መታ። የመንገደኞቹን ክፍል አየር ከጅራቱ የሚለየው ጉልላት መሰል ግድግዳ ተጎዳ፤ የቦይንግ ባለሙያዎችም መጥተው ጠገኑት። የጥገናው ትእዛዝ አሮጌውንና አዲሱን ግማሽ አንድ ወጥ ላሜራ ያገናኛቸው የሚል ነበር። የገባው ላሜራ ግን ለሁለት ተቆርጦ ነው። በዚህም የተነሣ ሁለት ረድፍ ሪቬት ሊሸከመው የሚገባውን ኃይል አንዱ ረድፍ ብቻውን ተሸከመው። ከተዘጋ በኋላ ስሕተቱን በዓይን ማየት አስቸጋሪ ነበር።

አውሮፕላኑ ሰባት ዓመት በረረ። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ግድግዳው ይወጠራል፣ በወረደ ቁጥር ይላላል፤ በሪቬቶቹ ቀዳዳ ዙሪያ ስንጥቅ እየረዘመ ሄደ። ከ12,000 በላይ በረራ በኋላ፣ ነሐሴ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከቶኪዮ በተነሣ በ12 ደቂቃው ግድግዳው ተቀደደ። የወጣው አየር የጅራቱን ቋሚ ክንፍ አብዛኛውን ገነጠለው፤ አራቱም የሃይድሮሊክ መሥመሮች ተበጠሱ። አብራሪዎቹ በሞተር ጉልበት ብቻ ግማሽ ሰዓት ያህል ታገሉ። ከ524ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች የተረፉት 4 ብቻ ናቸው። አብራሪዎቹ ያጠፉት ነገር አልነበረም፤ ሞተሮቹም ደኅና ነበሩ።

ትንሿ አውሮፕላን እንዲህ ያለ ግድግዳ የላትም። ብረት የሚደክምበት መንገድ ግን ያው ነው፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ከጠርዝና ከቀዳዳ ነው። መቀስ የቆረጠው ጠርዝ ለዓይን ቀጥ ያለ ቢመስልም ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። በሞረድ፣ ቀጥሎም በብርጭቆ ወረቀት፣ ጥፍር ሲሄድበት የማይዝ እስኪሆን ድረስ ይለሰልሳል። ትራፓኖ በቀዳዳው አፍ ላይ ሹል ከንፈር ትቶ ያልፋል፤ እሱም ከሁለቱም ወገን በቀስታ ይነሣል። በቀስታ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ የፋቀ ሰው ስስ ላሜራውን ጎድጓዳ አድርጎት ሪቬቱ የሚይዘውን ያሳጣዋል። ቀዳዳው ራሱ መጀመሪያ ጠበብ ብሎ ይበሳል፤ ሁለቱ ላሜራዎች በጊዜያዊ መያዣ ከተገጣጠሙ በኋላ አንድ ላይ ወደ ልኩ ይሰፋል። ከዚያ እንደገና ተለያይተው ይጠራሉ። አሰልቺ ነው፤ ሌላ መንገድ ግን የለውም። የደነዘ ፑንታን ገፍቶ ማሠራት ደግሞ ቁጠባ አይደለም፤ ቀዳዳውን ያዛባል።

መስመር በመርፌ ወይም በምስማር አይሰመርም፤ ጭረቱ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል። እርሳስም አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ግራፋይት ላሜራው የተሠራበትን አሉሚኒየም ያስበላዋል። በማርከር ይሰመር። ዘይቱና የእጅ ላቡ ተጠርጎ ፀረ ዝገት ቀለም የሚቀባው ላሜራዎቹ ከመጋጠማቸው በፊት ነው፤ ከተጋጠሙ በኋላ መሐላቸው ብሩሽ አይገባም።

ከጋራዦቻችን የማይጠፋ አንድ ፈተና አለ፤ ለሁሉም ነገር ወፍራም ብረት መምረጥ። ከጋፋት ተጎትቶ መቅደላ የወጣው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ዛሬም እዚያው ደቡብ ወሎ አምባ ላይ አለ፤ ለመድፍ ውፍረት ይበጃል። የትንሽ አውሮፕላን የጅራት ላሜራ ግን ከ0.4 ሚሊ ሜትር እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ጅራት ከሚዛኑ ማዕከል ሩቅ ነው፤ እዚያ የተጨመረ አንድ ኪሎ ከፊት ብዙ ኪሎ ይጠይቃል። ሚዛኑ ወደ ኋላ ያደላ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ላይ ሲቃና መመለሻ ሊያጣ ይችላል።

የአገሩን ከፍታም አትርሱ። መካነ ሰላም ወደ 2,600 ሜትር ላይ ናት። የፍጥነት ሰዓቱ የሚለካው የአየሩን ግፊት ስለሆነ፣ እዚያ ከፍታ ላይ 100 ሲያሳይ እውነተኛው ፍጥነት ወደ 115 ይጠጋል። የጅራቱን ተንቀሳቃሽ አግድም ክፍል፣ ኤሌቬተሩን፣ እያርገፈገፈ ሊገነጥለው የሚችለው ፍላተር በጣም የሚገዛው ደግሞ ለእውነተኛው ፍጥነት ነው። ስለዚህ ኤሌቬተሩ ዲዛይኑ በሚያዘው መጠን በክብደት ይመዘናል፤ ቀለም ከተቀባም በኋላ እንደገና ይመዘናል። ቀለሙ የሚያርፈው አብዛኛው ከማጠፊያው በስተኋላ ነውና ሚዛኑን ያዛባዋል።

ጅራቱን የሚዘጋውን ሁለተኛ ላሜራ ከመግጠማችሁ በፊት ሥራውን በእጁ ያልነካ ባለሙያ ጥሩ፤ ከአየር መንገድ ጥገና የወጣ ቴክኒሻን ቢገኝ ይመረጣል። ውስጡን ይይ፣ ሪቬቶቹን በሥዕሉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ያመሳክር። ፎቶ አንሡ፤ ቀኑን ጻፉበት። ከዚያም የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ ሳትይዙ መሬት አትልቀቁ።