ቆሻሻ የሚችል ቀለም

ቀለም ቀቢው ባልዲውን አስቀምጦ፣ ከበራችን እስከ ሳሎን የምትዘልቀውን ጠባብ መግቢያ በዓይኑ ለካና «ነጭ ይሁን ወይስ ቆሻሻ የሚችል?» ሲል ጠየቀኝ። ለእርሱ የዘወትር የሙያ ጥያቄ ነው። እኔ ግን መልሱ ከአፌ አልወጣ ስላለኝ ስቱኮውን እስኪጨርስ እንዲታገሠኝ ለመንኩት። የአንዲት መግቢያ ቀለም ሰውን ይህን ያህል ያስጨንቃል ወይ? የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩን ልንገረውና ይፍረደኝ።

መጀመሪያ «ቻለ» የምንለውን ቃል እንመልከት። ሰው መከራ ይችላል፤ ክፉ ቃል ይችላል፤ የጎረቤቱን ጠባይ ችሎ ይኖራል። ቀለምም ቆሻሻ ይችላል እንላለን። ቡኒው፣ ግራጫው፣ ጠቆር ያለው አረንጓዴ የእጅ እድፍና የጭቃ ፍንጣቂ ሲያርፍባቸው ዝም ብለው ይቀበላሉ። ነጭ ግን አይችልም፤ ወዲያው ይናገራል። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚችለው ቀለም ታጋሽ ነው ወይስ ደባቂ? የማይችለውስ እውነተኛ ነው ወይስ አሳባቂ?

ከአምስት ዓመት በፊት ይህችኑ መግቢያ ነጭ ያስቀባሁት እኔው ነኝ። ምክንያትም አላጣሁም። መስኮት የላትም። ነጣ ያለ ቀለም የወደቀበትን ብርሃን መልሶ ስለሚረጭ ጠባቧን ስፍራ ሰፊ ያስመስላታል፤ ጠቆር ያለው ግን ብርሃኑን ውጦ ያስቀራል። እንደ ብልህ ሰው መጀመሪያ ክንድ በምታህል ቦታ ላይ አስሞከርኩ። እርጥብ ቀለምና የደረቀ ቀለም አንድ አይደሉምና እስኪደርቅ ጠበቅሁ። ጠዋት በሩ ተከፍቶ አየሁት፤ ማታም በአምፑል አየሁት። ከቀንና ከማታ ብርሃን ጋር አስታረቅሁት፤ ከሰው ጋር ማስታረቁን ግን ረሳሁ።

እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጎረቤት አሉን። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሲመጡ ከውጭ «ቤቶች!» ይላሉ፤ እኛም «ደጆች!» እንላለን። ከዚያ ጫማቸውን ሲያወልቁ በግራ እጃቸው ግድግዳውን ደገፍ ይላሉ። ቀለሙ በደረቀ በሳምንቱ ከከሰል ማንደጃቸው አጠገብ ተነሥተው እንደ ወትሮው መጡ፤ እንደ ወትሮውም ተደገፉ። እኔ አንድም ቃል አልተናገርኩም። ዓይኔ ብቻ ከፊታቸው ተነሥቶ ግድግዳው ላይ ዐረፈ። እርሳቸውም ዓይኔን ተከትለው አዩ። «ውይ! አበላሸሁት» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ቢጠርጉት ጭራሽ ተስፋፋ። ምንም አይደለም አልናቸው፤ ግን ካዩት በኋላ ነው ያልናቸው። ከዚያ ወዲህ ለቡና ሲጠሩ ደጃፍ ላይ ቆመው «እዚሁ ይሻለኛል» ማለት ጀመሩ። ውሎ አድሮም «ጉልበቴ እምቢ አለኝ» ብለው ቀሩ። አሁን ባለቤቴ ቡናቸውን ይዛ ትሄድላቸዋለች። አትግቡ ያላቸው ሰው የለም። ግድግዳው ነው የነገራቸው፤ ለግድግዳው አፍ ያበጀለት ደግሞ የእኔ ዓይን ነው።

ለነጭ መከራከር ሞኝነት አይደለም። ስመ ጥሩው የሥነ ሕንፃ ሰው ለ ኮርቡዚየር እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ፣ በፈረንሳይ ገበያ በታወቀው ሪፖሊን በተባለ ቀለም ስም «የሪፖሊን ሕግ» ያለውን ሐሳብ አቅርቧል። እያንዳንዱ ሰው የግድግዳውን ጌጣጌጥ አንሥቶ ነጭ ይቀባ፤ ያን ጊዜ ጨለማና ቆሻሻ ጥግ አይኖርም፣ ሁሉም ነገር እንዳለ ይታያል፣ ቤቱ ሲጠራ ሰውየውም ውስጡን ማጥራት ይጀምራል ባይ ነው። እውነት አለው። ያልታየ እድፍ የሚያጥበው አያገኝም፤ «ይችላል» እየተባለ የተሸፈነ ብዙ ነገርም ከውስጥ በስብሷል።

ይኸው ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1936፣ አዲስ አበባ በፋሺስት ኢጣሊያ በተያዘችበት ዓመት፣ ለከተማችን ንድፍ ነድፎ ለወራሪዎቹ አቅርቦ ነበር። ተቀባይነት አላገኘም። በወረቀቱ ላይ ሰፊ ጎዳና አለ፤ ቀድሞ የነበረው ሰፈርና በሰፈሩ የሚኖረው ሰው ግን የለም። ማጥራት እንዲህም ይሆናል፤ እድፉን አጠራለሁ ሲሉ ያሳደፈውን ሰው አብሮ መጥረግ።

ከእርሱ ማዶ ጃፓናዊው ደራሲ ጁኒቺሮ ታኒዛኪ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1933 መታተም በጀመረው፣ ጥላን በሚያወድስ ድርሰቱ፣ ብዙ እጅ እየነካካው የሚያብረቀርቅን ዕቃ ያደንቃል፤ ያ ብርቅርቅታ እድፍ መሆኑንም አይክድም። በእኛ ቋንቋ «ወዝ» የምንለው ነው። የእትዬ መዳፍ በግድግዳችን ላይ የተወው ምልክትም ለሚያውቅበት ወዝ ነበር።

ሁለቱን የሚያስታርቅ ያገኘሁት ግን ከሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው የሐረር ጀጎል መተላለፊያዎቿ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ አላፊ አግዳሚው በትከሻው ይታከካቸዋል። እንዲያም ሆኖ ግድግዳዎቹ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ሮዝ ናቸው። ምሥጢሩ ደግሞ መቀባቱ ላይ ነው። ኖራ በእሳት የተቃጠለ ድንጋይ ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ሲቀባ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ያድፋል፣ ይፋቃል፣ በላዩ ላይ ደግሞ ሌላ ይደረባል። ኖራ የሚቀባ ሰው ግድግዳውን ሰው እንደሚነካው አስቀድሞ ያውቃል፤ ስለዚህም ሲነካ አይደነግጥም። ነጭ መቀባት ያለበት መልሶ ለመቀባት የቆረጠ ሰው ነው።

ይህን ሁሉ አስቤ ራሴን መረመርኩ። መልሶ ለመቀባት እጄ ዝግጁ ነው፤ ዓይኔን ግን አላምነውም። ድካሙን የሚያውቅ ሰው ደግሞ የገዛ ትዕግሥቱን በእንግዳው ላይ አይሞክርም። ስለዚህ ቀለም ቀቢውን «ከትከሻ በላይ ነጭ፣ ከትከሻ በታች ቡኒ ዘይት ቀለም» አልኩት። «እንደ ድሮ ትምህርት ቤት!» ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ። ዘይት ቀለም በእርጥብ ጨርቅ ይታጠባል። እድፉ ባይታየኝም መኖሩን አውቃለሁና በየበዓሉ ዋዜማ ላጥበው ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። መቻል ከመደበቅ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የሚደብቅ ሰው እድፉን ይረሳዋል፤ የሚችል ሰው ግን እያወቀው ዝም ይላል፣ ማንንም ሳያሳፍር በጊዜው ያጥበዋል።

ቀለሙ ከደረቀ ሦስት ቀን ሆነው። እትዬ አልመጡም። ከቤታቸው ሆነው የእኛ መግቢያ መለወጡን በምን ያውቃሉ? ቀለም ሄዶ ሰው አይጠራ! ዛሬ ቡናው ሲቆላ እኔ ራሴ ሄጄ እጠራቸዋለሁ። ጫማቸውን ሲያወልቁም የማየው ፊታቸውን ነው።