ለማርክ ሽማግሌ አይላክም

ልጆቼ፣ ባለፈው ሰሞን አንድ አባት ሁለት ጎረቤቶቹን አስከትሎ ቤቴ መጣ። ቡናው ተጠጥቶ፣ ተመራርቀን ስናበቃ ጉዳዩን አወጣው። ልጁ በሒሳብ ወድቋልና መምህሩን በሽምግልና እንድለምንለት ነበር። ሽምግልና በእኛ አገር ደም ያደርቃል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፣ የተገፋ ድንበር ይመልሳል። ለማርክ ሽማግሌ ሲላክ በዚህ ዕድሜዬ መስማቴ አንገቴን አስደፋኝ። እንቢ ብዬ ሸኘሁት። ይህን የምጽፈው ግን ለእሱ ብቻ አይደለም፤ እንደ እሱ የሚያስበው ብዙ ነው።

ኩረጃን እንደ ጸጋ ለምደነዋል። አባት «ከጎበዝ ልጅ አጠገብ ይቀመጥልኝ» ይላል። ፈታኙ ፊቱን ወደ መስኮት ያዞራል። ልጁ ደብተሩን ትቶ መልሱን በስልክ ይጠብቃል። አላስኮርጅም ያለ ተማሪ ከግቢ ውጭ ተጠብቆ ሲደበደብ እናውቃለን፤ የሚገርመው፣ «ምቀኛ» ተብሎ የሚወቀሰውም እሱ ነው። ይህን ሁሉ መተባበር አሉት። መተባበር አይደለም፣ ልጆቼ፣ ስርቆት ነው። ጾም የሚጾም፣ ጠበል የሚጠጣ ልጅ የሰው ድካም ሰርቆ ስለቴ ሰመረ ማለቱ ደግሞ ያስፈራኛል።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ኩረጃ እንዳይኖር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ሲፈተኑ ምን ታየ? 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር ደረጃ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ፈተናው ከበደ የሚል በዛ። እኔ ግን ተሸፍኖ የኖረ ገመና ተገለጠ እላለሁ። በአካባቢያችን የተነሣው ጦርነት ትምህርት ቤት እንደዘጋባችሁ፣ ዕድሜያችሁን እንደበላው አውቃለሁ፤ በዚያ ማንም አይፈርድባችሁም። ያ 3.3 በመቶ ግን የመላ አገሪቱ ነው።

እኛ የማን አገር ሰዎች ነን? ጋይንት ቤተልሔም የድጓ ምስክር ናት። ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት። የተክሌ አቋቋም ምስክሩ እዚሁ ደብረ ታቦር ኢየሱስ ነው። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና፣ ጣና ዳር ሸምበቆው በነፋስ ሲወዛወዝ አይተው የዚህን አቋቋም ዝማሜ አፈለቁት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አልቀበል ሲሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ስሙም በልጅየው ቀረ። አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር ነበር የሚያወርሰው።

ምስክር ማለት ምን እንደሆነ ልብ በሉ። ድጓ በሌላ ደብር ለዓመታት የተማረ ሰው እንደገና ቤተልሔም ይመጣል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ የለመነውን ቁራሽ እየበላ፣ የራሱን ድጓ በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከፊደሉ በላይ ያለችው ምልክት እንኳ አትቀርም። ከዚያ በመምህሩ ፊት ያዜማል። ከሳተ ይመለሳል፤ እስኪያቀና ድረስ ይመላለሳል። እዚያ ሽማግሌ ቢላክ ማን ይሰማል?

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ማታ እሳት ዳር ጥጥ እየፈተለች ዳዊት ታስደግመኝ ነበር። ግእዙን አታውቀውም። ድምፄ ሲሰናከል ግን እንዝርቷ ቀጥ ይላል። «እሷን ድገማት» ትለኛለች። እደግማለሁ፤ እንዝርቱም ይሽከረከራል። ምን እንደሚል ባታውቅም የት ላይ እንደደከምሁ ታውቅ ነበር። ዛሬም ዳዊት ስደግም አንዳንዱ መዝሙር ላይ ስደርስ የእንዝርቷ ድምፅ ይመጣብኛል፤ ነፍሷን ይማርልኝ።

ታዲያ ዲግሪ የያዘ የዛሬ ወላጅ የልጁን ደብተር ሳይገልጥ ሴሚስተሩ ያልቃል! ካርድ ሲመጣ ነው የሚነቃው፤ የነቃ ዕለትም ሽማግሌ ይፈልጋል።

መምህራን፣ ደመወዛችሁ ኑሮውን እንደማይደርስበት አውቃለሁ፤ ቢሆንም 20 ያመጣውን ልጅ 50 ብሎ ማሳለፍ ርኅራኄ አይደለም፣ ገደል መስደድ ነው። ወጣቶች ደግሞ ጋፋት ሄዳችሁ ፎቶ ትነሳላችሁ፤ መልካም ነው። እዚያ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን መድፍ ሥሩልኝ ሲሏቸው አንችልም ብለው ነበር፤ የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ተደገመ፤ በመጨረሻ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ወጣ። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት ንጉሡ በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሱ መንገድ ጠርገዋል። በዚያ ሰው የሚኮራ ልጅ እንዴት የሌላውን ወረቀት አሻግሮ ያያል?

ወደ ኩረጃው እመለሳለሁ፤ ከልቤ አልወጣልኝምና። በዐቢይ ጾም ገብር ኄርን ስናከብር የምንሰማው አገልጋይ የተፈረደበት አንዲት መክሊት ብቻ ስለተሰጠው አይደለም፤ ስላልሠራባት ነው። ሠርቶ 40 ያመጣ ልጅ ኮርጆ 80 ካመጣው ይበልጣል። ይህን የማያምን ወላጅ ልጁን ቤተ ክርስቲያን ይዞ መሄዱ ምን ሊያስተምረው ነው?

በዚህ ሳምንት አንድ ምዕራፍ ያዙ። ስትጨርሱ ደብተሩን ዝጉና ለእናታችሁ ወይም ለታናሻችሁ በቃል አስረዱ። የተንተባተባችሁባት ቦታ ያላወቃችኋት ናት፤ ወደዚያችው ተመለሱ። ክፍልፋይ የጠፋበት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የ6ኛ ክፍል መጽሐፍ ተውሶ ከዚያ ይጀምር፤ የሚስቅ ካለም ይሳቅ።