የሃምሳ ሰው ሎሚ

ባለፈው ወር ከልምምድ በኋላ አንዲት እህት ጠጋ ብላ «ጋሼ፣ ፍላሹን ለአንድ ሌሊት ብቻ ያውሱኝ» አለችኝ። ፍላሹ ላይ ዘጠኝ ዓመት ለኪቦርዴ ያጠራቀምኳቸው ነገሮች አሉ፤ የክራሩና የማሲንቆው ድምፅ፣ የችክችካው ምት፣ ለባቲና ለአንቺሆዬ ያስተካከልኳቸው ቅኝቶች። ቀን ሥራ ውዬ፣ ሌሊት እንቅልፌን አጥቼ የሠራኋቸው ናቸው። «እስቲ እናያለን» አልኳት። እንዲህ ሲባል እንቢ ማለት እንደሆነ እሷም እኔም እናውቃለን።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ፦ በድካሜ ያገኘሁትን ለሌላ የመስጠት ግዴታ አለብኝ ወይ?

እኛ ኪቦርድ የምንነካ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ታሪክ አለን። እስከ 1980ዎቹ መግቢያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአንዱ ኩባንያ ኤሌክትሮኒክ የሙዚቃ መሣሪያ ከሌላው ጋር በቀላሉ አይግባባም ነበር። የጃፓኑ ሮላንድ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺና የአሜሪካው ሴኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝ የገበያ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ግን ከሌሎች የጃፓን ኩባንያዎች ጋር ተነጋግረው ለመሣሪያዎቹ አንድ የጋራ ቋንቋ አወጡ፤ ስሙ ሚዲ ነው። በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በተደረገ ትርኢት ላይ የስሚዝ ፕሮፌት 600 እና የሮላንድ ጁፒተር 6 በገመድ ተገናኙ፤ አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ።

ሚዲ ድምፅ አይልክም። የሚልከው መልእክት ነው፦ የትኛው ቁልፍ ተነካ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መቼ ተለቀቀ። የኃይሉ ልክ ከ0 እስከ 127 ነው። ድምፁን ግን እያንዳንዱ መሣሪያ በራሱ መልክ ያወጣዋል። ይህን ቋንቋ ለመጠቀም የፈቃድ ክፍያ አልተጠየቀም።

የስሚዝ ኩባንያ ብዙ አልቆየም፤ በ1987 ያማሃ ገዛው። ስሚዝና ካኬሃሺ በ2013 በሚዲ ምክንያት የቴክኒክ ግራሚ ተሸለሙ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም። ሚዲ ግን አርባ ዓመት አልፎት በየስቱዲዮው ይሠራል። በገንዘብ ያልሸጡት ነገር ከሸጡት ብዙ ዕቃ ይልቅ ዕድሜ አገኘ።

ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ስነግረው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ነጋዴዎች እኮ ናቸው! ሁሉም ከሁሉም ከተግባባ ሰው ብዙ መሣሪያ ይገዛል። ጻድቅ አታድርጋቸው» አለኝ። እውነቱን ነው። ደግሞ እኔ ኩባንያ አይደለሁም። ያቺ ልጅ እኔ የምጠራበት ሠርግ ላይ ብትጠራ፣ ለቤተሰቤ የምልካት ገንዘብ ትቀንሳለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ግን እድራችንን አስቡት። የማናውቀውን ሰው አስከሬን አገር ለማስገባት ስናዋጣ ሁላችንንም ንጹሕ ፍቅር ይዞን ነው? አይደለም፤ ነግ በእኔ ብለን ነው። ነግ በእኔ ጥቅም ያለበት ደግነት ነው። ቢሆንም ልጁ እናቱ ዘንድ ደርሶ ይቀበራል። ጥቅም ስለነካው ደግነቱ አልረከሰም፤ እንዲያውም ማኅበር የሚያቆየው እንዲህ ያለው ነው።

እዚህ አገር ኪቦርድ ያስጀመረኝ ሰው ጎበዝ ነበር፤ ድምፆቹን ግን ለማንም አይሰጥም። ድንገት ሥራው ተቋረጠና በሦስት ቀን ውስጥ አገሩ ገባ። ዓርብ ዓርብ የሚሰበሰበው ቡድናችን ባዶውን ቀረ፤ ከዓመት በላይ አልተገናኘንም። አልፈርድበትም፤ በኋላ እሰጣለሁ ብሎ ይሆናል። አገር ቤት ልጅ ከአባቱ ጎን ቁጭ ብሎ ቀስ እያለ ይማራል። እኛ ጋ ግን «በኋላ» የሚባለውን ማንም አይተማመንበትም። ሰው በየጊዜው በሚሄድበት ቦታ አንድ ማኅበር የሚቆየው ሄያጁ ትቶት በሚሄደው ነገር ብቻ ነው።

ታዲያ ሁሉን ልስጥ? ስሚዝና ካኬሃሺም ሁሉን አልሰጡም። ቋንቋውን የጋራ አደረጉ፤ ድምፃቸውን ግን ለየራሳቸው ይዘው ተወዳደሩበት። እኔም ሳስበው፣ ባቲን የፈጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ ችክችካውንም ከሌሎች ነው የሰማሁት። የኔ የሆነው ጣቴ ነው፤ እሱ በፍላሽ አይገለበጥም።

ባለፈው ዓርብ ለልጅቷ ቅጂውን ሰጠኋት። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት፦ ነገ ሌላ ሰው ሲጠይቅሽ «እናያለን» እንዳትዪ። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ሸክሜ ቀለለኝ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሠርግ የተጠራችው እሷ ናት። አልዋሽም፣ ትንሽ ከነከነኝ። ግን ሄጄ እሰማታለሁ።