ለማያስታውስ ሰው የሚፈላ ቡና

አንድ ሰው ዛሬ ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና ቢጠጣ፣ ቢጫወትና ቢመርቅ፣ ነገ ግን አንዱንም ባያስታውስ፣ ያ ቡና ለማን ፈላ? የመርሳት በሽታ በገባበት ቤት ይህ ጥያቄ በቃል አይነሣም፤ ጎረቤት መምጣቱን ቀስ በቀስ ሲተው ይነሣል። «እኛንስ መች ያውቁናል? ጃጅተዋል» ይባልና በዚያው ይቀራል።

ሆኖም ጡት የጠባበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም፤ በዚህ ምክንያት ማጥባት ከንቱ ነው ያለ ግን አልተሰማም። ጥናቶችም የደስታው ምክንያት ከተረሳ በኋላ ስሜቱ ለጊዜው እንደሚቆይ አሳይተዋል። ባይቆይ እንኳ፣ የሳቀበት ሰዓት የራሱ ሰዓት ነው።

በጅቡቲ ከተማ ነገሩ ይጠናል። የባቡሩ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከተጀመረ ወዲህ ኢትዮጵያውያን ወደዚህ ወደብ ሲመላለሱና ሲሰፍሩ ኖረዋል፤ ዛሬ የ27 ጁን አደባባይ የሚባለው ስፍራም ቀድሞ በምኒልክ ስም ይጠራ ነበር። እዚህ ያረጀ ሰው ሥራውን በፈረንሳይኛ ወይም በዓረብኛ፣ ገበያውን በሶማልኛ ወይም በአፋርኛ ሲያካሂድ ኖሮ ይሆናል። በሽታው ሲበረታ ግን ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚደክሙት በኋላ የተለመዱት ቋንቋዎች ናቸው፤ የልጅነት አማርኛው ይቆያል። እዚሁ ተወልደው ያደጉት ልጆቹ አማርኛን በጆሮ ብቻ የሚያውቁ ከሆነ፣ አባትና ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር አስተርጓሚ ይሻሉ። በዚህ ጊዜ አማርኛ የሚናገር ጎረቤት መቅረቱ የአንድ ጠያቂ መቅረት ብቻ አይደለም።

በኔዘርላንድ፣ በላይደን ከተማ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው ቤረ ሚሰን እ.ኤ.አ. በ1997 «የአልዛይመር ካፌ» የተባለውን ስብሰባ ጀመረ፤ ሕመምተኛው፣ አስታማሚውና ባለሙያው አብረው ተቀምጠው ስለ በሽታው ሳያፍሩ እንዲነጋገሩ። ሐሳቡ ብዙ አገር ደርሷል። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ለሚጠጣ ሕዝብ ግን እንግዳ ሊሆን አይገባም። እጅ የለመደው ሥራ ከስም ይልቅ ይቆያልና፣ የልጇን ስም የሳተች እናት ቡናውን ለቅማ፣ አጥባ ልትቆላ ትችላለች (እሳት ነውና ሰው ከአጠገቧ አይጥፋ)።

«አያስታውሱምና ምን ይጠቅማቸዋል?» የሚል ሰው ዕድሩን ያስብ። ሟች ማን እንደ ቀበረው አያውቅም፤ ቢሆንም «አያውቅምና እንቅር» የሚል ዕድርተኛ የለም። የዕድር ድንኳን የሚተከለው ለሐዘንተኛው ነው ቢባል፣ መልሱ ትክክል ነው፤ አስታማሚውስ ምንድን ነው? አባቱን በየቀኑ በጥቂቱ የሚያጣ፣ ግን ድንኳን ያልተተከለለት፣ «እግዜር ያጽናህ» ያልተባለ ሐዘንተኛ ነው። ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ፣ ኤች አይ ቪ ቤት ሲያፈርስ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች መተዳደሪያ ደንባቸውን አሻሽለው ሕያው በሽተኛንና ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት ተሸጋግረዋል።

ሙቀቱ ረገብ ሲል፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ማታ፣ ሁለት ሰው ቢመደብ ይበቃል፤ አንዱ ከሽማግሌው ጋር ቡናውን ይጠጣል፣ ሌላው ልጅቱን «ነይ፣ ባሕሩ ዳር ነፋስ እንቀበል» ብሎ ይወስዳታል። ወጪው ከቡናና ከስኳር አያልፍም። ከሽማግሌው ጋር የሚቀመጠው ሰው ግን ረጋ ብሎ የሚናገር፣ አንዱን ታሪክ አምስት ጊዜ ሲሰማ አምስት ጊዜም «እንዴት ሆነ?» ብሎ የሚጠይቅ መሆን ይኖርበታል።