«በዘራቸው አለ»

ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ዘር መቁጠር በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጠረው የሥጋ ዝምድና እንዳይኖር ለመጠንቀቅ ቢሆንም፣ በጎን ሌላ ጥያቄም ይጠየቃል። በዚያ ቤት ለምጽ አለ ወይ? የሚጥል በሽታ አለ ወይ? ያበደ ሰው ነበረ ወይ? መልሱ «አዎን» ከሆነ ነገሩ ብዙ ጊዜ ያለ ክርክር ያበቃል። «በዘራቸው አለ» የምትለው አጭር ቃል ይግባኝ የሌላት ፍርድ ናት። የተፈረደበት ወገንም ፍርዱ በሌለበት ስለሚሰጥ መልስ ለመስጠት እንኳ ዕድል አያገኝም።

ይህን ቃል ዛሬ የምናነሣው፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የኖረው ጥርጣሬ የቤተ ሙከራ ማኅተም አርፎበት እንዳይመለስ ስለሚያሰጋን ነው። የሰውን ልጅ ዘረ መል (ጂን) የማንበብ ታላቅ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2003 መጠናቀቁ ከተነገረ ወዲህ ሊቃውንት የአእምሮ ሕመምን ሥር በዚያ መዝገብ ውስጥ ሲፈልጉ ቆይተዋል። በ2022 የታተመ ሰፊ ጥናት ስኪዞፍሬንያ ከተባለው ጽኑ ሕመም ጋር የተያያዙ 287 ሥፍራዎችን አመለከተ። የእያንዳንዳቸው ድርሻ እጅግ ጥቂት ሲሆን፣ አብዛኞቹ በጤነኞችም ዘንድ የሚገኙ ናቸው፤ ይህን የምንጽፈው እኛም፣ የምታነቡት እናንተም ከነዚህ ብዙዎቹን ተሸክመናል። ዘረ መላቸው አንድ የሆነ መንትዮች እንኳ አንዱ በዚህ ሕመም ሲያዝ ሌላው የሚያዘው ቢበዛ በግማሽ ያህሉ ጊዜ ነው። አባቱ ወይም እናቱ የታመሙበት ልጅ የመታመም ዕድሉ ከአሥር አንድ ያህል ነው። ይህ ከሌላው ሰው ከፍ ያለ መሆኑ እውነት ነው፤ ዘጠኙ ግን አይታመሙም። ከሕሙማኑም አብዛኞቹ ይህ ሕመም ከሌለባቸው ወላጆች የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ዘር የሚቆጥሩት ሽማግሌዎች ፈጽመው ተሳስተዋል ባንልም፣ ከሚያውቁት ይልቅ የሚፈርዱት ይበልጣል።

እዚህ ላይ ቆመን «ሳይንስ ራሱ ነፃ አወጣን» ብንል ደስ ባለን ነበር። ነገር ግን ክርክራችንን በዚህ ብቻ ብናቆም መሠረቱ አሸዋ ነው። ነገ ትንበያው ቢሠምርስ? ከአሥር አንድ የነበረው ከአሥር ዘጠኝ ቢሆንስ? የሰውን ክብር በሳይንሱ ድካም ላይ ያንጠለጠለ ሰው፣ ሳይንሱ በበረታ ቀን የሚመልሰው አይኖረውም።

ስጋቱ ከንቱ አለመሆኑን ታሪክ ይመሰክራል። በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. በ1933 የወጣ ሕግ የዘር ሕመም አለባቸው የተባሉ ሰዎች በግድ እንዲመክኑ አዘዘ። በዝርዝሩ ውስጥ ስኪዞፍሬንያ፣ ዛሬ ባይፖላር የምንለው ሕመምና የሚጥል በሽታ ይገኙ ነበር። ጉዳዩን የሚያዩት ሐኪሞች የተቀመጡባቸው «የዘር ጤና ፍርድ ቤቶች» ነበሩ፤ መዝገብ ነበራቸው፣ ይግባኝ ሰሚም ነበራቸው። 400,000 ያህል ሰዎች እንዲመክኑ ተደረገ። ከ1940 እስከ 1941 አጋማሽ ድረስ ደግሞ 70,000 ያህል ሕሙማን በጋዝ ተገደሉ። በዚያን ጊዜ የዲ.ኤን.ኤን ቅርጽ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ የታወቀው በ1953 ነውና። ስለዚህ አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ ባልበሰለ ሳይንስ ያሳብባሉ። እኛ ግን እንጠይቃለን፦ ሳይንሳቸው ትክክል ቢሆን ኖሮ ሥራቸው ትክክል ይሆን ነበርን?

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ሕጉ ከመውጣቱ አስቀድሞ በ1930 ስለ ጋብቻ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክት፣ መንግሥት በደል በሌለበት ሰው አካል ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን የለውም ብለው ሲያስተምሩ፣ ትምህርታቸውን የዘር ሊቃውንት ተሳስተዋል በሚል ክርክር ላይ አልመሠረቱም። የሙንስተሩ ጳጳስ ክሌመንስ አውጉስት ፎን ጋለንም ኦገስት 3 ቀን 1941 ግድያውን በስብከታቸው በግልጽ ሲያወግዙ የተከራከሩት ስለ ሕመሙ መንሥኤ አልነበረም። ሥራ የማይሠራ ሰው ይገደል ከተባለ፣ ነገ የሚያረጅና የሚታመም ሁሉ መጠጊያ እንደማይኖረው ነው ያስረዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በጋዝ መግደሉ እንዲቆም ታዘዘ፤ በረሃብና በመድኃኒት በስውር መግደሉ ግን ቀጠለ።

በዘመናችን ነገሩ የሚመጣው በዳኛ ሳይሆን በነጋዴ ነው። በአሜሪካ አንዳንድ ኩባንያዎች ከማኅፀን ውጭ ለተገኙ ፅንሶች የስኪዞፍሬንያ «ነጥብ» እየሰጡ ወላጆች እንዲመርጡ አገልግሎቱን ለሽያጭ አቅርበዋል። የተመረጠው ይወለዳል፣ ሌላው ይቀራል። ይህ ሕመሙን ትቶ ሕመምተኛውን ማስወገድ ነው። ወላጆች ይህን በፈቃዳቸው ማድረጋቸው ከ1933ቱ ሕግ ይለየዋል፤ ላልተመረጠው ግን ልዩነቱ ምንድን ነው? በዚህ ላይ ብዙ አናትትም፤ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው፣ ለአብዛኛው ምእመናችንም ጉዳዩ ገና ሩቅ ነው።

የቅርቡ ጉዳይ መድኃኒት ነው፤ እዚህ ላይ አዲሱን ጥበብ በምስጋና እንቀበላለን። በጉበታችን ውስጥ ብዙ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችን የሚሰብር ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። በ1996 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ዘረ መል በእጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይዘው መገኘታቸውን ገለጸ፤ በሰሜን አውሮፓ ሕዝብ ዘንድ እንዲህ ያሉት ከመቶ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው እንደ አሚትሪፕቲሊን ያለውን መድኃኒት ፈጥኖ ከሰውነቱ ስለሚያስወጣ፣ ለሌላው የሚበቃው መጠን ለእርሱ ላይበቃ ይችላል። እንግዲህ እናስብ፤ ስንቱ ቤተሰብ «አልዋጠውም፣ ደብቆ ጥሎታል» እያለ ሕመምተኛውን ተቆጥቶ ይሆን? ስንቱስ «የሐኪም መድኃኒት አልሆነለትም፣ ነገሩ ሌላ ነው» ብሎ ሕክምናውን አቋርጦ በሰንሰለት አስሮት ይሆን? ምርመራው በየጤና ጣቢያው የሚገኝ ባይሆንም ይህን ማወቅ ብቻ ቁጣን ያበርዳል። (መጠኑን የሚለውጠው ሐኪሙ እንጂ ቤተሰቡ አለመሆኑን ካቴኪስቶቻችን አደራ ያሳስቡልን።)

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተካፈለበት አንድ ጥናትም ከ40,000 በላይ ከሚሆኑ ሕሙማንና ጤነኞች ምራቅ ሰብስቧል፤ እስከዚያ ድረስ የዚህ ዓይነት ጥናት በአብዛኛው የአውሮፓ ተወላጆችን ብቻ የሚመለከት ነበር። በዚህ ሥራ ደስ ያሰኘን፣ ተሳታፊው የተነገረውን በእርግጥ መረዳቱ በጥያቄ እንዲረጋገጥ መደረጉ ነው። የአእምሮ ሕመምተኛ ፈቃዱ ሲጠየቅ በቤታችን እምብዛም አይታይምና።

የሕመሙ ሥር በሥጋ ውስጥ መሆኑን መናገር «ርግማን ነው፣ የእናቱ ጥፋት ነው» የሚለውን ነቀፌታ ያስታግሳል። ነገር ግን በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ነቀፌታው ሲቀንስ «አይድንም» ባይነቱና ሽሽቱ ሊበረታ ይችላል። ስለዚህ ለጋብቻ የሚዘጋጁ ወጣቶችን የሚያስተምሩ ካቴኪስቶች ዕውቀቱን ብቻ አስተላልፈው ማብቃት አይችሉም። አንዲት እጮኛ «ወንድሜ ታሟል፤ የመናገር ግዴታ አለብኝ?» ብላ ብትጠይቃቸው ምን ይመልሳሉ?

እኛ እንዲህ እናስባለን። የራስን ጽኑ ሕመም መደበቅ አይገባም፤ የጋራ ኑሮን በብርቱ የሚያናውጥ ነገርን ፈቃድ ለማግኘት ሲባል በማታለል መሰወር ጋብቻውን ከንቱ እንደሚያደርገው በላቲን ሕግ ቀኖና 1098፣ በምሥራቃውያን ሕግ ደግሞ ቀኖና 821 ተደንግጓል። የወንድም ሕመም ግን የወንድም ነው። እጮኛዋ እንዲያውቀው መውደዷ መልካም ነው፤ እንደ ዕዳ ወይም እንደ ኃጢአት ልትናዘዘው ግን አይገባትም፣ ወንድሟም ስለ እርሱ እንደሚነገር ይወቅ። በብዙ ቤት ሽማግሌ በሚመጣበት ቀን የታመመው ልጅ ወደ ዘመድ ቤት ይሸኛል ወይም ጓዳ ይዘጋበታል። ከዚያ ቀን አስቀድሞ እጮኛዋን ወደ ወንድሟ ወስዳ ብታስተዋውቀው፣ አብረውም ቡና ቢጠጡ፣ ለሽማግሌዎቹ የሚቀር ምሥጢር አይኖርም።