ለማያውቁት ሰው የሚሠራ ባና

ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዝ ሰው መዘዞን አቋርጦ ያልፋል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የውጭ አገር የጌጥ ነጋዴዎች የአካባቢውን ስም በኦፓል ያውቁታል። የአገሬው ሰው ግን መዘዞን ከኦፓሏ በፊት በብርዷ ያውቃታል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ቁጥር ሌሊቱ ይከፋል። ውርጩ አዝመራ ያቃጥላል፤ ደጅ ያደረ ሰው ጠዋት ጣቱን ማጠፍ ያቅተዋል። በዚህ ደጋ ልብስ ከማጌጫነቱ ይልቅ ሌሊትን መሻገሪያነቱ ይቀድማል።

ብርዱን የሚመልሰውም ከዚያው ከደጋው ይገኛል። የመንዝ በግ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ግን ይሞቃል። ተሸልቶና ታጥቦ፣ በእጅ ተፍታቶ በእንዝርት ይፈተላል። መፍተሉ የሴቶች፣ መሸመኑ የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። ከፈትሉ የሚሸመነው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ባናው፣ የበጎቹን መልክ ይዞ ጥቁር፣ ቡናማ ወይም ነጭ ሆኖ ይወጣል። ፈትል ለብቻው ቀን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም። ወጡ እስኪበስል፣ ከጎረቤት ጋር ወሬ እየተጨዋወቱ፣ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው ይፈትሉታል። ስለዚህ አንድ ባና ስንት ምሽት እንደፈጀ የምታውቀው ፈታዪዋ ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ቆጥራ አታውቅም።

ታዲያ አንዲት ሴት ይህን ሁሉ ምሽት ለልጇ ወይም ለገበያ ሳይሆን ለማታውቀው ችግረኛ ብትሰጠው፣ ምጽዋቷ በብር ተገዝቶ ከተሰጠ ብርድ ልብስ የተለየ ነው? ገንዘብ ይቀላል፤ ቶሎ ይደርሳል፤ ብዙ ሰው ያለብሳል። ለበረደው ሰው ደግሞ ሙቀት ሙቀት ነው፤ ማን እንደፈተለው አይጠይቅም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የምጽዋትን ትርጉም ከሥሩ የሚነካ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ልብስ ሲናገር ሰዓት ይቆጥራል። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24 የድሃን ልብስ መያዣ አድርጎ የወሰደ አበዳሪ ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመልስ ታዝዟል፤ ድሃው የሚተኛው በዚያው ልብስ ነውና። ሕጉ የዕዳውን መጠንም ሆነ የአበዳሪውን መብት አይመዝንም። የሚያየው መጪውን ሌሊት ነው። ለመዘዞ ሰው ይህ ማብራሪያ አያሻውም።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ደግሞ የኢዮጴዋ ጣቢታ፣ በሌላ ስሟ ዶርቃ፣ ታርፋ ጴጥሮስ ይጠራል። ሲመጣ መበለቶቹ እያለቀሱ ከበቡት፤ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውንም ልብስ አሳዩት። ስለ ጸሎቷም ሆነ ስለ ጾሟ ያነሱት ነገር የለም። የእጇን ሥራ ዘረጉለት። እዚህ ላይ ልብሱ ምስክር ሆኖ ቆሟል። ገንዘብ ሰጥታቸው ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ አልቆ ነበር፤ እንጀራም ቢሆን ተበልቶ ነበር። ስፌቱ ግን ሠሪዋ ካለፈች በኋላም ሰውነት ላይ ነበር። በሙስሊሞች ዘንድ የሚነገር አንድ ሐዲስም ከዚህ ጋር የሚገናኝ ሐሳብ አለው፤ ሰውን ያለበሰ ሰው፣ ከሰጠው ልብስ አንዲት ቁራጭ በለባሹ ላይ እስካለች ድረስ በአላህ ጥበቃ ሥር ነው ይላል። ከመዘዞ ደቡብ፣ በአንኮበር ቆላ፣ በሽመና ሥራቸው የታወቁት አርጎባዎች ይህን ሐሳብ ለመረዳት ሩቅ አይሄዱም።

ሆኖም የእጅ ሥራን ማወደስ አደጋ አለው፤ ይህንንም ሳይሸሹ መመልከት ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ኮረም ላይ የተሰበሰበውን ሕዝብ የጨረሰው ረሃብ ብቻ አልነበረም፤ የደጋው ሌሊትም የራሱን ድርሻ ወስዷል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. አጣዬ ከተማ ተቃጥላ ነዋሪዎቿ ሲሰደዱ፣ ከዚያም ከወለጋ የተፈናቀሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ደብረ ብርሃን ገብተው ቻይና ካምፕና ወይንሸት በሚባሉት መጠለያዎች ሲሰፍሩ፣ ብዙዎቹ የሞቃት አገር ልብስ እንደለበሱ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር ያደሩት። በእንዲህ ያለ ማታ እንዝርት አንስቶ ባና ልሥራ የሚል ሰው ለራሱ ነፍስ ያስባል እንጂ ለበረደው አላሰበም። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው ገንዘብ፣ መኪናና ፋብሪካ ነው፤ ደብረ ብርሃን ራሷ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ሕዝቡም ከቤቱ ያለውን እያወጣ ሰጥቷል።

«ከቤት ያለውን» የሚለው ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። አብዛኛው የልብስ ምጽዋታችን የሚመጣው ከትርፍ ነው። ልጁ ያደገበት ሹራብ፣ ጫፉ የተተለተለ ጋቢ፣ ቀለሙ የለቀቀ ብርድ ልብስ ይሰጣል። ይህን ማንም ሊንቀው አይገባም፤ አሮጌ ጋቢም ነፍስ ያድናል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቅዱስ ባስልዮስ እንዲያውም ነገሩን ከዚህ አርቆ፣ በሣጥን ታጥፎ የተቀመጠው ልብስ የታረዘው ሰው ገንዘብ ነው ብሎ አስተምሯል። በእሱ ዓይን ትርፍ ልብስ መስጠት ዕዳ መክፈል ነው። እንግዲህ ትርፉን መስጠት ዕዳ ከሆነ፣ ስጦታ የሚባለው የቱ ነው?

ለዚህ የሚቀርበው መልስ ከመነሻው ለሌላ ሰው ተብሎ የተሠራው ነው። ልዩነቱ በዋጋው ላይ አይታይም፤ በሠሪው ሐሳብ ውስጥ ነው ያለው። አሮጌ ጋቢ የሚሰጥ ሰው ድሃውን የሚያስበው ጋቢው ካረጀ በኋላ ነው። ለማታውቀው ሰው ባና የምትሠራ ሴት ግን ገና ጠጉሩ ሳይፈተል አስባዋለች። ቁመቱ ስንት ይሆን፣ ከልጁ ጋር ነው የሚተኛው ወይስ ብቻውን፣ እግሩ ውጭ እንዳይቀር ምን ያህል ይርዘም ብላ ትጨነቃለች። እጇ እየሠራ ሳለ የማታውቀው ሰው ለብዙ ምሽት በቤቷ እንግዳ ሆኖ ይሰነብታል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ጻድቃኑ ጌታን መቼ እንዳለበሱት አያስታውሱም፤ ፊቱን አላወቁትምና። ስጦታዋን የምታውቅ፣ ተቀባይዋን የማታውቅ ፈታይ ለዚያ ምዕራፍ ቅርብ ናት።

ይህ ሐሳብ በደጋው አልተወሰነም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የካናዳ ሴቶች ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው፣ መሀሉ የሚያሞቅ ሙሌት አስገብተው የሰፉት ድርብ ብርድ ልብስ በቀይ መስቀል በኩል ቤታቸው በቦምብ ለፈረሰባቸው እንግሊዞች ተልኳል፤ ብዛቱ 400,000 ገደማ እንደሚደርስ ይገመታል። በአሜሪካ የሉተራን ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1945 ካቋቋሙት የእርዳታ ድርጅት ጋር ሆነው ይህን የመሰለ ሥራ እስከ ዛሬ በየአጥቢያቸው አዳራሽ ይሠራሉ። በታይላንድ ያለው የቡድሃ እምነት ሥርዓት ደግሞ ያስደንቃል። ቹላ ካቲን በሚባለው በዓል የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ጥጡን ለቅሞ፣ ፈትሎ፣ ሸምኖ፣ ቀለም ነክሮና ሰፍቶ የመነኩሴውን ልብስ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ያስረክባል። ልብሱን ከገበያ መግዛት ይችሉ ነበር፤ አይገዙም። ድካሙ ራሱ የአምልኮው ክፍል ነው። ደቦ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንም፤ እኛ አጨዳ የምናጭደው፣ ቤት የምንሠራው በዚያ መንገድ ነው።

እኛ ዘንድ ግን አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ምጽዋትን የሚያከብረው አገር ሠሪውን ለብዙ ዘመን ንቋል። ሸማኔ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂ እየተባለ እጁ የሠራውን ለብሰን፣ በልተንበት፣ አርሰንበት ስሙን ስድብ አድርገነዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል። እጅን የናቀ ሕዝብ የእጅ ምጽዋትን ሙሉ በሙሉ ሊረዳ አይችልም። ገንዘብ መስጠት ጌታ ያሰኛል፤ ቁጭ ብሎ ለድሃ መፍተል ግን ከድሃው ጋር አንድ ወለል ላይ ያስቀምጣል። የእጅ ምጽዋት ትልቁ ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ሰጪውን ዝቅ ያደርገዋል።

ተቀባዩንም ቀና ሊያደርገው ይችላል። በመጠለያ ያለች ሴት ፈትል ታውቅ ይሆናል፤ ካላወቀችም ከጎኗ የሚያሳያት ሰው አይጠፋም። የመንዝ ጠጉር ተገዝቶ ቢሰጣትና የፈተለችው ባና ሆኖ ከእሷ በኋላ ለመጣ ተፈናቃይ ቢደርስ፣ በአንድ ሥራ ገበሬው ገበያ ያገኛል፣ እሷም ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት ትሸጋገራለች። ዓመታት በመጠለያ ላሳለፈ ሰው ከብርዱ የሚከፋው ሁልጊዜ ተቀባይ መሆን ነው።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ በሐር እያከበሩ ውጭ በብርድ ራቁቱን መተው ምን ይጠቅማል ብሎ ምእመናኑን ገሥጿል። ቃሉ ለዛሬው አጥቢያም ይሠራል። ለመቅደሱ መጋረጃና ምንጣፍ የሚሳል ሰው ብዙ ነው፤ ስእለቱም ደግ ነው። በደጀ ሰላሙ ለተቀመጠው ነዳይ ባና ተስሎ ማስገባት ግን ልማድ አልሆነም።

ምክንያቱ ጭካኔ አይደለም፤ ቀን ስለሌለው ነው። እንጀራ በቤተ ክርስቲያናችን የቀን መቁጠሪያ ውስጥ ቦታ አለው፤ ዝክር አለ፣ ሰንበቴ አለ፣ የጽዋ ማኅበር አለ፣ ተዝካር አለ። ወሩ በገባ በ12 የሚካኤል ማኅበርተኛ ዳቦና ጠላውን ያዘጋጃል፤ ነዳያንም ይህን ያውቃሉ። ልብስ ግን እንዲህ ያለ ቀን አልተሰጠውም፤ ቁም ሣጥን ሲጸዳ ወይም መከራ ሲወርድ ይታወሳል። ብርዱ ግን ቀኑን ጠብቆ በየዓመቱ ይመጣል።

ኅዳር 12 በሚከበረው በሚካኤል በዓል የዱራታዎስና የቴዎብስታ ታሪክ ይነገራል። በየወሩ የመልአኩን ዝክር ያደርጉ የነበሩት እነዚህ ባልና ሚስት፣ ድርቅ ሆኖ ሲያጡ የክት ልብሳቸውን ሸጠው ለድግሱ በግ ሊገዙ ወጡ። መልአኩም ልብሱ ሳይሸጥ በጉን እንዲያገኙ አደረገ። በመንዝና በጣርማበር አጥቢያዎች በጉ ከነጠጉሩ አለ፤ ፈታዪዋም ሸማኔውም አሉ፤ በዓሉም ውርጭ በሚበረታበት ወር ይውላል። ማኅበርተኛው ከሰኔ ጀምሮ በየወሩ ጽዋ ሲጠጣ ጥቂት ጥቂት ፈትል ይዞ ቢመጣና የተጠራቀመው ለሸማኔ ቢሰጥ፣ ለኅዳሩ ዝክር ከዳቦው ጎን የሚቀርብ ባና ይደርሳል። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ብቻ ቢወጣ፣ ለማን ይሰጥ የሚለውን ማኅበሩ ራሱ ተነጋግሮ መወሰን ይኖርበታል፤ ያ ንግግርም በደጃፉ ያሉትን ሰዎች በስም ማወቅን ይጠይቃል።